በአቀስታ ሥራ የፈታው የወፍጮ ቤት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ የለጋምቦን ደጋ ሲያቋርጥ አቀስታን ያገኛታል። አገሩ ብርድ የጸናበት፣ ገብስ የሚበቅልበትና በግ የሚረባበት ነው፤ ሰዉም ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና እየለበሰ ብርዱን ይከላከላል። እኛም በዚያ በኩል ስናልፍ ባደርንበት ቤት የሰማነው የቤተ ሰብ ምክር ለዚህ ገጽ አንባቢዎች የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፣ እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ያሳደሩን ባልና ሚስት በጕልማሳነታቸው ጊዜ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ የወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ ልጆቻቸውንም ያሳደጉት በዚሁ ገቢ ነው። ኋላ ግን የኤሌክትሪክ ወፍጮ በአጠገባቸው ስለ ተተከለ አስፈጪው ሁሉ ወደዚያ አዘነበለ፤ ሞተሩም ተነቅሎ ተሸጠ፤ ቤቱ ባዶውን ቀረ። ከግራና ከቀኙ ሁለቱ ወንዶች ልጆች የየራሳቸውን አዲስ ቤት ሠርተዋል። ሽማግሌዎቹ የሚኖሩበት ቤት ግን አርጅቶ ሌላ ክረምት የሚችል አልሆነም። እንግዲህ ክርክሩ፣ የወፍጮ ቤቱ ፈርሶ በስፍራው አዲስ ቤት ይሠራ ወይስ እርሱው ታድሶ መኖሪያ ይሁን የሚል ነበር።

ታላቁ ልጅ፣ «እማዬ፣ እኛ በአዲስ ቤት እየኖርን እናንተ በወፍጮ ቤት ብትኖሩ ሰው ምን ይለናል?» አለ። እናቲቱም፣ «ልጄ፣ ይህን ድንጋይ ተሸክመን ያመጣነው አባትህና እኔ ነን። ግንቡ አልተሰነጠቀ፣ አልዘመመ፤ ምን በድሎ ይፈርሳል?» ብለው መለሱ። ወደ እኛም ዘወር ብለው አሳባችንን ስለ ጠየቁን የምናውቀውን ነገርናቸው።

አስቀድመን ያነሣንላቸው የአዲስ አበባውን ለገሐር ነው። ይህ የምድር ባቡር ጣቢያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 ተመርቆ ብዙ ዘመን አገለገለ። አሮጌው መስመር ሥራውን ካቆመ በኋላ፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማው ዳር ስላደረገ፣ ለገሐር ወደ ቀድሞ ሥራው አልተመለሰም። ሆኖም በአካባቢው አዲስ የመኖሪያ ፎቅ ሲሠራ አሮጌው ሕንፃ አልፈረሰም። የሰፈሩም ስም ባቡር ጣቢያ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነውና፣ ቤቱ ቢፈርስ ስሙ ብቻውን በቀረ ነበር።

ልጁ ግን፣ «ያ የመንገደኛ መቀበያ ነው፤ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ሲኖር ታይቷልን?» ብሎ ጠየቀ። እኛም በእስፓኝ አገር በባርሴሎና አጠገብ የሆነውን ነገርነው። ሪካርዶ ቦፊል የሚባል ስመ ጥር የሕንፃ ነዳፊ በ1973 ሥራ የፈታ የሲሚንቶ ፋብሪካ አገኘ። ፋብሪካው ከ30 የሚበልጡ ረጃጅም የሲሚንቶ ጐተራዎች ነበሩት። ቦፊል ያየውን ሁሉ አላስቀረም፤ ከዓመት በላይ በድማሚትና በመዶሻ እያስፈረሰ 8 ጐተራዎችን ብቻ አተረፈ። ከዚያ በኋላ በግንቡ ላይ መስኮት አወጣ፤ በዙሪያው ባሕር ዛፍ፣ ዘንባባና ወይራ ተከለ፤ ጐተራዎቹን መሥሪያ ቤት፣ ታላቁን አዳራሽ መሰብሰቢያ፣ ሌላውን ክፍል የራሱ መኖሪያ አደረገ። በዚያው በፋብሪካው መሬት ላይ በ1975 ከ400 የሚበልጡ መኖሪያዎች ያሉት ዋልደን ሰባት የሚባል ሕንፃ ተፈጸመ፤ የዚህም ነዳፊ ቦፊልና ባልንጀሮቹ ናቸው። እንግዲህ አዲሱን የነደፈው ሰው፣ ራሱ ሊኖርበት የመረጠው አሮጌውን ነው። በ2022 እስኪሞትም ድረስ አልተወውም።

ልጁ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። እኛ ግን ለእናቲቱ ብቻ አላደላንም። የወፍጮ ቤት ለሰው መኖሪያ ታስቦ አልተሠራምና። ናፍጣና ዘይት የጠጣ ወለል ከመኝታና ከእህል ጋር አይስማማም፤ አፈሩ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ተቈፍሮ መውጣትና በንጹሕ ድንጋይና አፈር መተካት አለበት። መስኮት ለማውጣት በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ሲነቀል፣ ከላይ ያለውን ክብደት የሚሸከም ጠንካራ እንጨት በጊዜው ካልተጋደመ ግንቡ ይናዳል፤ ይህም የግንበኛ እንጂ የጎረቤት ሥራ አይደለም። ባዶ ቆርቆሮ የደጋን ሌሊት ብርድ አያግድም፤ ኮርኒስ ያሻዋል። ኩበት የሚነድበትም ማድቤት ለብቻው ቢሆን ለዐይንና ለሳንባ ይሻላል። እናቲቱ ይህን ሁሉ ተቀበሉ፤ ሞተሩ የቆመበት የድንጋይ መደብ ብቻ እንዳይነካ ለመኑ፤ መቀመጫ ሊያደርጉት አስበዋልና።

እስከዚያ ድረስ ሳይናገሩ የቆዩት አባት በመጨረሻው፣ «እንግዲያስ መጀመሪያ ወለሉ ይቈፈር። ሽታው ከለቀቀ እንገባለን፤ ካልለቀቀም ድንጋዩ ለአዲሱ ቤት ይሆናል» ብለው ፈረዱ። በማግሥቱ ማለዳ ለመሄድ ስንነሣ፣ ታላቁ ልጅ ዶማ ይዞ ከወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጥቁሩን አፈር ሲያወጣ አየነው።

ሥራ የፈታ መጋዘን ወይም የወፍጮ ቤት ያላችሁ አንባቢዎቻችንም፣ ከማፍረሳችሁ በፊት ግንቡን ለዐዋቂ ግንበኛ አሳዩ፤ ወለሉንም ቈፍራችሁ እዩ። የሚያስቀረውንና የሚጥለውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አሮጌ ቤት አያሳፍረውም።