ከጓዳ የሚጀምር ሣይንስ

«ተምረህ ሐኪም ሁን» የሚለውን ምክር ከወላጆቹ ያልሰማ በመካከላችን ማን አለ? ነገር ግን ሊጡ ለምን ኩፍ እንደሚል፥ እንዶድ ለምን አረፋ እንደሚያወጣ ስንጠይቅ ብዙዎቻችን «ዝም በል» ተባልን። ስለዚህ ሣይንስ ለፈተና የሚጠና እንጂ በጓዳችን ያለ ነገር አልመስለን አለ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ምክንያቱን መረመሩ፤ እንዶድም ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። እንዶዱ ግን ቀድሞውንም በእናቶቻችን እጅ ነበረ።

እንግዲህ ወላጅ መልሱን ባያውቅ እንኳ ጥያቄውን አይግደለው። እኛም ነገ ወላጆች ነንና፥ ልጅ ሲጠይቀን «ና፥ አብረን እንይ» እንበለው።