ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ

ከቀኑ 11፡30 ላይ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ሲለቁ፣ ከየበሩ የሚፈሰው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባ ይመስላል። ሁሉም ግን አይገባም። አንዱ ደብተሩን ከምሳ ዕቃው ጎን ሸጉጦ ወደ ማታ ትምህርት ይሮጣል። አንዷ ዛሬ የዕቁብ ዕጣ ስለሚወጣ ሳይመሽባት መድረስ አለባት። ሌላው ጥቁር ኮቱን ደርቦ ለቅሶ ሊደርስ ነው። የቀሩት ሜክሲኮና መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዘዋል። ሰልፍ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ሥራም አይደል፣ ዕረፍትም አይደል፤ ከሰው ዕድሜ ግን በየቀኑ ይቆረጣል።

ከሥራ ውጪ ያለውን ጊዜ አማርኛ «ትርፍ ጊዜ» ይለዋል። ትርፍ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ለነጋዴ ትርፍ ማለት ቀኑን ሙሉ የደከመለት ነገር ነው፤ ለታክሲ ረዳት ትርፍ ማለት ከወንበሩ ቁጥር በላይ የተጫነ፣ ትራፊክ ሲታይ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። የሰው ምሽት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ቤቱ ሲገባ ነው።

የአገሪቱ ሕግ የነጋዴውን ትርጉም የያዘ ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ከዚያ ያለፈውን ሰዓት በውድ ያስከፍላል። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት የተሠራው 1.75 እጥፍ ያወጣል። የሳምንቱ የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ ነው፤ የሕዝብ በዓል 2.5። ገንዘቡ ቢያጓጓም ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ማለፍ የለበትም። ይህን አንቀጽ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ የሚገልጠው ደመወዝ ሊያሰላ ነው። ሌላው ሰውም ሊያነበው ይገባል፤ ከልጅ ጋር የሚቀመጡበት ምሽት ማሽን ፊት ከሚቆሙበት ቀን እንደሚበልጥ፣ ፋሲካ ከተራ ማክሰኞ ሁለት ጊዜ ተኩል እንደሚከብድ በቁጥር ያስቀመጠ ሰነድ ነውና።

ታዲያ በዚህ ውድ ሰዓት ምን ይደረጋል? አብዛኛውን ጊዜ ይወራል።

ወሬ ቢባል ግን ያሳንሰዋል፤ ባለቤቶቹ የሚሉት «ጨዋታ» ነው። ልጅ በኳስ ይጫወታል፤ ሽማግሌም ከሽማግሌ ጋር ይጫወታል፤ ቃሉ አንድ ነው። እንግዳ ገብቶ ዝም ካለ «ተጫወት እንጂ» ይባላል፤ የሚጠበቅበትም ከየት እንደመጣ፣ በመንገድ ምን እንዳየ መናገር ብቻ ነው። ገበጣም ሆነ ወግ ተራ ያስጠብቃሉ። አንዱ ሲጥል ሌላው አይቶ ይጠብቃል፤ ተራ የሚነጥቅ ሰው በሁለቱም ጨዋታ አይወደድም።

የዚህ ጨዋታ ሰዓት ቆጣሪ ጀበና ናት። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ በየተቀመጡበት ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። አቦል ላይ የቤተሰብ ደኅንነት ይጠየቃል፤ ቶና ላይ የጤፍና የዘይት ዋጋ ይነሣል፤ በረካ ሲደርስ ሰው አቦል ላይ ሊናገር ያልደፈረውን ይናገራል። የተጣላ የሚታረቀው፣ የልጅ ጋብቻ የሚታሰበው፣ ብድር የሚጠየቀው እዚያ ላይ ነው። ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ጨዋታው ይወፍራል። «በረካ ሳልጠጣ ልሂድ» ያለ ሰው ምርቃቱን ጥሎ ስለሚሄድ ሁሉም ይለምነዋል፤ እሱም ይቀመጣል። እንዲህ እንዲህ ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፋል፤ የጠፋ ሰዓት ነው የሚል ግን ከዚያ ቤት አይገኝም።

ጨዋታው ራሱ ሬዲዮ ለመስማት ፈቅዶ ዝም የሚልበት ጊዜም ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ግን መጽሐፍ የሚገዛበት ያልነበረው፣ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ሰብለወንጌልንና በዛብህን አወቀ። ሲኒው እንዳይንኳኳ በሁለት እጅ እየተያዘ፣ የጉዱ ካሣ ነገር እስከ ሳምንት መወያያ ሆኖ ይሰነብት ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ መጽሐፍ ያነበበው ሥራውን ጨርሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በጆሮው ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ሰዓት ግን የዕድር ነው። ዕድር የአባሉን ትርፍ ጊዜ በስም ጠርቶ ይቆጥራል። ብር መክፈል ብቻውን አይበቃም፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። አዋጁ የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ድንኳኑም የሚቆመው ሠልስት እስኪወጣ፣ ሦስት ቀን ነው። በእነዚያ ምሽቶች ጎረቤቱ ከሥራው በቀጥታ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ብዙ አይናገርም። ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ካርታ ይዘረጋሉ፤ ሐዘንተኛው ሌሊት ብቻውን እንዳይነቃ ነው እንጂ መጫወት አምሯቸው አይደለም። በከተማው ውስጥ ለሰው ከሚሰጥ ጊዜ ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም።

ንፍሮውን የሚቀቅለው ግን ማነው? ቡናውንስ?

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያውን የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሲያካሂድ፣ ደመወዝ የማይከፈልበት የቤት ሥራ በሴቶች ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ በሰዓት ተለክቶ ታየ። እናቶች ከዚያ በፊትም ያውቁት ነበር። እናትየዋም 11፡30 ላይ ከቢሮ ወጥታለች፤ እሷም ሰልፍ ላይ ቆማለች። ቤት ስትደርስ ሌላው ጋቢውን ሲደርብ እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የዚህ ሰዓት 1.5 የለውም፣ 1.75 የለውም፤ ፋሲካ ላይ ደግሞ ዶሮው ጭምር ይጠብቃታል። የጨዋታን ክብር የሚያወራ ሁሉ ጀበናውን ማን እንደጣደ ሳይጠይቅ ካለፈ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው።

የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። አዋጁ በግል ቤት ውስጥ የሚሰጥ አገልግሎትን ሁኔታ ሌላ ደንብ ይወስነዋል ብሎ አልፎታል፤ ስለዚህ ትርፍ ጊዜዋን የምታገኘው ተደራድራ ነው። ድርድሩ የሚጀመረው ገና በሩ ላይ፣ ፌስታሏ ከእጇ ሳይወርድ ነው። ደመወዙ ተነግሯት ከተስማማች በኋላ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እትዬ፣ ማታ መማር እፈልጋለሁ» ትላለች። አንዳንዷ ለዚህች ፈቃድ ስትል ከደመወዙ ላይ ትቀንሳለች። 11 ሰዓት አካባቢ በየሰፈሩ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው የሚጣደፉት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ወጡን ሠርተው፣ ሕፃኑን አጥበው፣ ለምሽቱ ቡና ሲኒውን ረከቦት ላይ ደርድረው ነው የወጡት።

ክፍሉ ቀን ቀን ልጆች የሚማሩበት ነው፤ ወንበሩ ያጥራል፣ ጉልበት ይነካል። መብራቱ ከሄደ በስልክ ብርሃን ይቀጥላል። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ስም መጥራት ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ «አንቺ» ስትባል የዋለችው ልጅ ስሟ ከነአባቷ ስም ሲጠራ ትሰማና፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸተውን እጇን ከፍ አድርጋ «አቤት» ትላለች።