አደራና ውኃ፤ ከሉማሜ እስከ ጢስ ዓባይ

ሰው ለሰው ከሚሰጠው ነገር ሁሉ እንደ አደራ የሚከብድ የለም። የገንዘብ አደራ ቢጠፋ በገንዘብ ይተካል፤ የልጅ አደራ ግን ምትክ የለውም። መምህር የሆነ ሰው በየማለዳው ይህን አደራ ሲቀበል፣ በየማታው ሲመልስ የሚኖር ነውና ነገሩ ልማድ ይሆንበትና ክብደቱን ይረሳዋል። እኔም ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ከተማሪዎቼ ጋር ወደ ጢስ ዓባይ ያደረግሁት ጕዞ ነው። ውድ አንባብያን ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ያየሁትን ውበት ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቀን ከሠራሁት ስሕተት ሌላው ወላጅና መምህር እንዲማርበት ብዬ ነው።

ሉማሜ በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለ ተቀመጠች በዚያ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ ያልፍባታል። ልጆቻችን የዓባይን ስም ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተው ያደጉ ናቸው፤ ፏፏቴውን ግን አብዛኞቹ ያዩት በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ በታተመው ሥዕል ብቻ ነበር። አንድ ቀን ስለ አገራችን ወንዞች ሳስተምር የ14 ዓመት ልጅ ያችን የተጨማደደች ብር ከኪሱ አውጥቶ፣ «መምህር፣ ይህ ቦታ እውነት አለ? ወይስ ሥዕል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የጕዞው አሳብ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። ወላጆች ተሰብስበው መከሩ፤ መንገዱም ያን ጊዜ ሰላም ነበርና 32 ተማሪዎች እንዲሄዱ ተስማሙ።

በመነሻችን ሌሊት የዚያ ልጅ እናት በአገልግል ዳቦና ቆሎ ይዛ መጣች። ልጅዋን ከሳመች በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «መምህር፣ አደራዎን፤ ከውኃ ይጠብቁልኝ» አለችኝ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እሺ አልሁ።

እርስዋ ሳታውቀው የነካችው ቍስል ነበረኝ። በልጅነቴ በአንድ የገጠር ደብር ቅኔ ስማር ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ልብሳችንን ለማጠብ ወደ ወንዝ እንወርድ ነበር። ከወንዙ ማጠፊያ ላይ አንድ ጥቁር ኩሬ አለ። ከእኛ በዕድሜ የሚበልጠው ጓደኛችን ዳር ዳሩን ሲታጠብ ቆየና ጥቂት ወደ መካከል ራመድ አለ፤ ከዚያ በኋላ አላየነውም። አልጮኸም፤ ውኃውም አልተናወጠም። አስከሬኑን ያወጡት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጕልበቴ በላይ ውኃ ገብቼ አላውቅም። ለተማሪዎቼም ስለ ውኃ የሰጠኋቸው ትምህርት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም «አትቅረቡ» የሚል ነው።

ጕዞው ዓርብ ተጀመረ። ወሩ ዘመነ ጽጌ ስለ ነበረ መንገዱ ግራና ቀኙ በዐደይ አበባ ተሸልሞ፣ ስንዴውና ጤፉ ለምለም ሆኖ ይታይ ነበር። ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፈን ጥሊሊ ስንደርስ አውቶቡሱን አስቁሜ ልጆቹን ወደ ሰከላ ተራራ አመለከትኋቸው። የዓባይ መነሻ የሆነችው የግሽ ዓባይ ምንጭ የምትገኘው በዚያ በኩል ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት ወጥተው ከሚፈስሱት አራት ወንዞች ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያን ምድር የሚከብበው ግዮን፣ ይህ ዓባይ መሆኑን አባቶቻችን እንደሚያስተምሩ ነገርኋቸው። የጻድቁን የአቡነ ዘርዐ ቡሩክንም ታሪክ ጨመርሁላቸው፤ ጻድቁ ወደ እስር ቤት ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ከእስር ሲመለሱም ውኃው መጻሕፍቱን አንድ ፊደል ሳይደመስስ መለሰላቸው። ያ ብር ያሳየኝ ልጅ፣ «ውኃም አደራ ያውቃል ማለት ነው?» አለ። «ለጻድቃን ያውቃል፤ ለእኛ ግን አያውቅም፤ ስለዚህ አትቅረቡት» ብዬ መለስሁለት። መልሱ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ያን ሌሊት በባሕር ዳር በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ አደርን። በማግሥቱ ቅዳሜ ማለዳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ጢስ ዓባይ ከተማ ገባን። የመግቢያ ትኬት ከቈረጥን በኋላ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አንድ ጐልማሳ አስጐብኚ ተመደበልን። ከቁመቱ የሚበልጥ የቀርከሃ ሽመል ይዟል። ገና ሳንነሣ ልጆቹን በክብ አስቀምጦ፣ «ከመንገዱ በፊት ስለ ውኃው ጥቂት ልንገራችሁ» ሲል ጀመረ። እኔም ሰዓቱ እንዳይመሽብን ሠጋሁና፣ «ወንድሜ፣ ልጆቹ ውኃ አይገቡም፤ ከልክያቸዋለሁ። ይልቅ ፏፏቴውን አሳየን» ብዬ አቋረጥሁት። ፊቴን ትኩር ብሎ አየና ምንም ሳይመልስ መንገዱን ያዘ።

በመጀመሪያ የደረስነው በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ከተሠራው የድንጋይ ድልድይ ነው። ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። ከላይ በሰፊው የተንጣለለው ዓባይ እዚህ ሲደርስ በጠባብ የአለት ጕሮሮ ውስጥ ገብቶ ይታነቃል። ከዚያ ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ ድምፁ አስቀድሞ ደረሰን፤ ቀጥሎ እንደ ጢስ የሚነሣው ጉም ታየን፤ በመጨረሻም ራሱ ፏፏቴው ወጣ። ክረምቱ ገና ማለፉ ነበርና ሞልቶ ነበር። ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወርዳል፤ በሙላቱ ጊዜ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በጉሙ ላይ የማርያም መቀነት ተዘርግቶ ሲታይ ልጆቹ ሁሉ ባንድነት ዝም አሉ። ያ ልጅ ብሩን አውጥቶ ከፏፏቴው ጋር አስተያየውና፣ «እውነት ነው» አለ።

አስጐብኚው ስለ ቦታው የሚያውቀው ብዙ ነበር። ከታች ያለ ዓሣ ይህን ገደል መውጣት ስለማይችል በጣና ከሚኖሩት ዓሦች ብዙዎቹ በሌላ ስፍራ የማይገኙ መሆናቸውን ነገረን። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እዚህ የተተከለው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ይህ ጣቢያ ውኃውን ከጣና በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚወስደው፣ በበጋ ፏፏቴው እጅግ ይሳሳል። አንዲት ተማሪ ይህን ሰምታ አዘነች። እኔም ማታ የምታጠናበት መብራት ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኋት፤ ጥቂት አሰበችና፣ «ሁለቱም ቢኖር ደስ ይለኛል» አለች። ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም አልነበረኝም።

ወደ ፏፏቴው ግርጌ የሚያደርሰው መንገድ አላታ የሚባለውን ትንሽ ወንዝ በተንጠለጠለ ድልድይ ያሻግራል። ምሳ ለመብላት በወንዙ ዳር አረፍን። ከአጠገባችን ጥርት ያለ፣ ሰማዩን እንደ መስተዋት የሚያሳይ ኩሬ ነበር። ከዓባይ ጩኸት በኋላ ሲያዩት የዋህ ይመስላል። አገልግሉ ተከፈተ፤ ጸሎት አድርሰን መቍረስ ጀመርን። ያ ልጅ እጁን ሊታጠብ ወደ ዳር ሄደ። ውኃ ሊገባ አላሰበም፤ ትእዛዜንም አልጣሰም። ነገር ግን የረገጠው ጥቁር አለት ሽበት ለብሶ ኖሮ አንሸራተተው።

አልጮኸም። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እንጀራ እቈርስ ነበር። ያየው አስጐብኚው ነው። ብድግ ሲል ዘወር አልሁ፤ ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ አፉ ከውኃው ብቅ ጥልቅ ሲል አየሁት። የዚያን የልጅነት ጓደኛዬን ኩሬ ያየሁ መሰለኝ። ኮቴን አውልቄ ልዘል ስል አስጐብኚው፣ «መምህር፣ አይግቡ! ሁለት እንዳያደርጉብኝ!» ብሎ ጮኸ። እርሱ ራሱም አልገባም። በሆዱ አለቱ ላይ ተኛ፤ ሁለት ተማሪዎች እግሩን እንዲይዙት አዘዘ፤ ሽመሉንም ወደ ልጁ ዘረጋ። ልጁ በሁለተኛው ሙከራ ያዘው። ቀስ ብሎ ስቦ አወጣው። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ እስከሚጨረስ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው።

ልጁ ውኃ ተፋ፤ አለቀሰ፤ በጋቢ ጠቀለልነው። ከዚያም ወደ እኔ ተመልክቶ፣ «ይቅርታ መምህር፣ አጠገቡ ሄድሁ» አለኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። አትቅረቡ አልሁ እንጂ መቅረብ የማይቀር ሲሆን ምን እንደሚደረግ አላስተማርሁም፤ ሊያስተምር የመጣውንም ሰው አፉን ዘጋሁት። በልጆቹ ሁሉ ፊት ለአስጐብኚው፣ «ወንድሜ፣ ጠዋት ያቋረጥሁብህን አሁን ጨርስልን» አልሁት። እርሱም ሳይታበይ ጀመረ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ እንደ ተማሪ ጻፍሁ።

በመጀመሪያ የደረቀ ቅጠል ወደ ኩሬው ጣለ። መስተዋት የመሰለው ውኃ ቅጠሉን ቀስ ብሎ ወደ መካከል ወሰደ፤ አዞረው፤ ወደ መውጫው ጐተተው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው። ሳትገቡ ቅጠሉን አስቀድማችሁ አስገቡት» አለ። ሁለተኛ፣ ፏፏቴ ከሚወድቅበት ነጭ አረፋ መራቅ ይገባል፤ አረፋ በአየር የተመላ ስለ ሆነ ሰውን አያንሳፍፍም፤ ከሥሩ ያለውም አዙሪት የወጣውን መልሶ ወደ ፏፏቴው ይስባል። ሦስተኛ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ላይ በተራራው ዝናም ሊዘንም ይችላል፤ ጥርት ያለ ወንዝ በድንገት ቢደፈርስ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ቢመጣ ደራሽ ነውና ዕቃ ሳይሰበስቡ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። አራተኛ፣ ወንዝ የወሰደው ሰው ከውኃው ጋር አይታገል፤ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ወደ ፊት ያድርግ፤ በሰያፍም ወደ ዳር ይቅዘፍ። አምስተኛ፣ አዳኙ አይግባ፤ ሽመል፣ ገመድ ወይም የተጠማዘዘ ጋቢ ይዘርጋ፤ እርሱም ተኝቶ ሌላ ሰው ይያዘው። በመጨረሻም፣ የሚሰምጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ የሚሠራው ለመተንፈስ ብቻ ነውና። ስለዚህ ልጆችን በጆሮ ሳይሆን በዓይን ጠብቁ አለ። በጣና ዳርና በዓባይ ዳር በረጋ ውኃ ውስጥ መቆየት የቢልሃርዚያ በሽታ እንደሚያስይዝም አስጠነቀቀን።

ከተመለስሁ በኋላ ጕዳዩን መረመርሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፤ ከዐሥሩ ዘጠኙ የሚሞቱትም እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ግን በየክረምቱ አንዱን ቀብረን፣ «ዕድሜው ያን ያህል ነው» ብለን እንመለሳለን። ዕድሜ የእግዚአብሔር መሆኑ እውነት ነው፤ ማስተማር ግን የእኛ ፈንታ ነው።

እሑድ ሌሊት በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌተ ጽጌ ቆምን። እመቤታችን ሕፃንዋን ይዛ የተሰደደችበትን መንገድ ሊቃውንቱ በዜማ ሲያስታውሱ፣ እኔ ከአጠገቤ የቆመውን ልጅ ትከሻ ይዤ ነበር። አልለቀቅሁትም።

ሉማሜ ስንገባ መሽቶ ነበር። ለእናቱ ልጁ ራሱ እንዲነግራት አልተውሁም፤ እኔው ቤትዋ ድረስ ሄጄ የሆነውን ሁሉ፣ አስጐብኚውን ማቋረጤን ጭምር ነገርኋት። ትቈጣለች ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ልጅዋን አቅፋ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «መምህር፣ ያ ሰው ያለውን ጽፈውታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ደብተሬን አሳየኋት። ጥግ ላይ ቆማ የምታዳምጠውን የዘጠኝ ዓመት ልጅዋን ወደ ፊት ገፋ አደረገችና፣ «እንግዲያስ ለዚችም ያንብቡላት፤ ከወንዝ ውኃ የምትቀዳው እርስዋ ናት» አለች።

በዚያው በኵራዝ ብርሃን ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁላት። ሰኞም ክፍሉን በሙሉ ወደ ወንዝ ዳር አወረድሁ፤ እንስራ የሚሸከሙትን ልጃገረዶች ከፊት አድርጌ ቅጠሉን ጣልን። ውድ አንባብያን፣ በየቤታችሁ ልጅን ወደ ውኃ የምትልኩ ሁሉ፣ ከእንስራው ጋር ይህን ትምህርት አብራችሁ አሸክሟት።