ስድስተኛው በር

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ለዕረፍት ጌጫ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩት ወሬ ለቡና አገር ሰው የሚስማማ መስሎኝ ነበር። እናቴ አቦሉን እስክትቀዳ ጠብቄ፣ «በሰማይ ላይ አንድ ኮከብ ቡና ተባለ፤ በዙሪያው የምትዞረው ዓለም ደግሞ አቦል ተባለች» አልኳት።

እናቴ ጀበናውን እንደያዘች፣ «ቶናና በረካስ?» አለችኝ።

ሳቅን። ወሬው ግን እውነት ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በየአገሩ የተመረጡ የከዋክብት ስሞችን በዚያ ወር ሲያውጅ፣ ኤች ዲ 16175 የተባለው ኮከብ በኢትዮጵያ ምርጫ «ቡና»፣ ግዙፉ ፈለኩም «አቦል» ተብለዋል። የሚገኙትም አንድሮሜዳ በተባለው የከዋክብት ክፍል ነው። አንድሮሜዳ በጥንት ግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ታኅሣሥ 10 ቀን ደግሞ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች።

ይህን ሁሉ ስደረድር አባቴ ጥግ ይዘው ዝም አሉ። የዝምታቸውን ምክንያት አውቀዋለሁ።

አባቴ ከጎጃም መጥተው የሸካ ልጅ ያገቡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። በልጅነቴ መጽሐፈ ሄኖክን ያስነብቡኝ ነበር። መልአኩ ዑራኤል ለሄኖክ የሰማይን ሥርዓት ያሳየዋል፤ ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት በሮች አሏት፤ ዓመቱ 364 ቀን ነው፤ ቀን እጅግ ሲረዝም የሌሊት እጥፍ ይሆናል። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ግን ጂኦግራፊ ተማርኩ። በጌጫ የረጅሙ ቀንና የሌሊቱ ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። «አባባ፣ ይህ እጥፍ ቀን በየት አገር ነው የሚውለው?» ብዬ በጓደኞቼ ፊት ሳቅሁ። አባቴ መጽሐፉን አጠፉት። ከዚያ ወዲያ አላስተማሩኝም።

መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ መሆኑን፣ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እንዳደረሰ ያወቅሁት ጋዜጠኝነት ስማር ነው። ባዕድ ባሕር ተሻግሮ የወሰደውን እኔ እቤቴ ተቀምጬ ስቄበታለሁ።

«ያ ኮከብ ምን ያህል ይርቃል?» አሉኝ አባቴ በመጨረሻ።

«ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 200 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያ ዛሬ በመነጽር የሚያዩት የዘመነ መሳፍንቱን ብርሃን ነው» አሉ። ቀጥለውም ተነሥተው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመሩ አምስት መስመሮች አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የቡና ጆንያ ቁጥር ይመስሉኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንጋት ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ገብታ ግድግዳው ላይ ታርፋለች። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ርቃ ስለምትወጣ ብርሃኑ በሰሜን ጠርዝ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ወደ ደቡብ ይሸሻል። አባቴ ስድስቱን በሮች በገዛ ግድግዳቸው ላይ ሲፈልጉ ኖረዋል።

«ስድስተኛውስ?» አልኳቸው።

«እሱ የሰኔ ነው። የሸካ ዝናብ አላሳየኝም።» ትንሽ ቆይተውም፣ «ያኔ ያዘንኩት ስሕተት ስላገኘህ አይደለም። እጥፉን ቀን እኔም ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አንተ ግን ሳትመለከት ሳቅህ» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ በየአዳራሹ ስለ ሃይማኖትና ስለ ጠፈር የምንሟገተውን ሙግት ስሰማ ያ ግድግዳ ትዝ ይለኛል። አንዱ ወገን ሌላው ሳተላይት ባመጠቀ ማግስት «ይህማ ድሮም በመጻሕፍታችን አለ» ይላል። ሌላው አንድ ቁጥር ስላልገጠመለት ብራናውን እንዳለ ይጥላል። ሁለቱም ማልደው ተነሥተው መስኮት ሲከፍቱ አላየሁም። ሄኖክን የጻፈው ሰው ቁጥሩ ቢሳሳትም፣ ፀሐይ በየወሩ የምትወጣበትን ስፍራ አስተውሎ ነበር። አባቴም እንዲሁ።

አባቴ በ2014 ዓ.ም. ዐረፉ። ያላስተማሩኝ ትምህርት አብሯቸው ሄደ፤ ያን የማጣው በገዛ ሳቄ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሰኔው ጌጫ እሄዳለሁ። ማልጄ መስኮቱን ስከፍት እናቴ፣ «ዛሬስ?» ትለኛለች። እስካሁን ደመና ነው። ከሰሉ ግን መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል።