ወደ ዛንዚባር በየትኛው ወር?

ለዕረፍት ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጉዞው ስንት ብር እንደሚያስወጣ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ያው አንዱ አልጋ፣ ያው አንዱ የአውሮፕላን ወንበር በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው ደጋግሞ ይለዋወጣል። ስለሆነም «ስንት?» ከማለት በፊት «መቼ?» ማለት ያስፈልጋል። እኔም ጉዳዩን ለብዙ ሳምንታት ያጠናሁት እናቴን ወደ ዛንዚባር ለመውሰድ ባሰብሁ ጊዜ ነው።

እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስታስተምር የውቅያኖሶችን ቅርጽ በሰማያዊ ጠመኔ እየሣለች ለልጆች አስረድታለች፤ ባሕር ግን በዐይኗ አይታ አታውቅም። አሁን ጉልበቷን ያማታል፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ እንዲህ ያለውን ጉዞ መቻሏ ያጠራጥራል። ለጉዞው የተመደበው ደግሞ የዕቁብ ገንዘብ ነው፤ ቢጎድል የሚሞላበት ሌላ ምንጭ የለኝም። እንግዲህ ወሩን መምረጥ ለእኛ የመሄድና የመቅረት ጉዳይ ነበር።

ዛንዚባር በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከታንዛንያ የባሕር ዳርቻ ትይዩ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ብርድ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ዓመቱን የሚከፋፍሉት ዝናብና ነፋስ ናቸው። ፀሐይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስትመላለስ የዝናቡ መቀነት እርሷን እየተከተለ በደሴቲቱ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ያልፋል። በስዋሂሊ ቋንቋ «ማሲካ» የሚባለው ረጅሙ ዝናብ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ «ቩሊ» የሚባለው አጭሩ ዝናብ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። ነፋሱም እንዲሁ ሁለት ነው። በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው «ካስካዚ» ሲሆን፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ከደቡብ የሚነፍሰው «ኩሲ» ነው። በጥንት ዘመን የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች በካስካዚ እየተገፉ በሸራ ጀልባ ይመጡና ለመመለስ ነፋሱ እስኪዞር ድረስ ወራት ይጠብቁ ነበር። ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር የእኛ ችግር ቀላል ነው።

የዝናቡን ወራት ካወቅሁ በኋላ ዋጋውም የእርሱን ተራ የሚከተል መስሎ ነበር። ነገሩ ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ ሆኖ አገኘሁት። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር አጋማሽ መካከል የደሴቲቱ ሰማይ ይህን ያህል አይለያይም፤ ፀሐዩም ባሕሩም ያው ነው። ሆኖም አውሮፓውያን ልደትንና አዲስ ዓመታቸውን በሚያከብሩበት ሳምንት የአልጋ ዋጋ ጣራ ይነካል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴም ዋጋው ከፍ የሚለው አየሩ ደረቅና ነፋሻ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች በዚያ ጊዜ ስለሚዘጉ ነው። እንግዲህ ዋጋውን የሚወስነው የደሴቲቱ ሰማይ ብቻ አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረው የእንግዳው የቀን መቁጠሪያም ነው። ርካሽ ወር የሚፈልግ ሰው «ዝናብ አለ ወይ?» ብሎ ከመጠየቁ ጋር «ሌላው ሰው የሚሄደው መቼ ነው?» ብሎም ይጠይቅ።

የሆቴል ባለቤት እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ለዘበኛው ይከፍላል፤ ጣራውን ያስጠግናል። ባዶ ያደረ ክፍል የዚያን ሌሊት ገቢ ለዘለዓለም ያጣል። ከዚህም የተነሣ በሚያዝያ ወር ግማሽ ዋጋ መቀበል ከምንም ይሻለዋል። ለጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች ጽፌ ስጠይቅ ይህንኑ አረጋገጥሁ፤ በነሐሴ አንድ ሌሊት የሚያሳድረው ገንዘብ በሚያዝያ ሁለት ሌሊት ያሳድር ነበር። የፋሲካ በዓልም ብዙ ጊዜ በዚሁ ወር ስለሚውል ልቤ ወደዚያ አዘነበለ።

ሐሳቤን ለእናቴ ባቀርብላት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ ለምን ረከሰ?»

ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ሚያዝያ ማሲካ የሚበረታበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የድንጋይ ከተማ ጠባብ መንገዶች ውሃ ይይዛሉ፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ያዳልጣሉ። አንዳንድ ሆቴሎች ለእድሳት ይዘጋሉ። በምሥራቁ ዳርቻ የባሕር አረም እያመረቱ የሚተዳደሩት ሴቶች እንኳ ምርታቸውን ፀሐይ ላይ ለማድረቅ ይቸገራሉ። ለእኔ ርካሽ የሆነው ወር ለደሴቲቱ የሆቴል ሠራተኛ ሥራ የሚጠፋበት ወር መሆኑንም ያሰብሁት በዚህ ጊዜ ነው። በዝናብ የሚሄድ ወጣት መንገደኛ ለራሱ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ለእነርሱም እንጀራ ይሆናል፤ እንዲህ ላለው ሰው ሚያዝያን አልነቅፍም። እናቴ ግን የምትሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በተጨማሪም በርካሽ ወር የማይረክስ ወጪ አለ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው 44 የአሜሪካ ዶላር ከፍሎ የጉዞ መድን እንዲገዛ ተደንግጓል፤ ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛም የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት መያዝ ይኖርበታል። እነዚህ በዝናብም በፀሐይም ያው ናቸው።

ስለዚህ በሁለቱ ወቅቶች ድንበር ላይ ያሉትን ሳምንታት መፈለግ ጀመርሁ። የካቲት ደረቅ ነው፤ ሆኖም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ለአረጋውያን ይከብዳል። የረመዳን ጾምም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ እየተሳበ በእነዚህ ዓመታት በየካቲት አካባቢ ይውላል፤ የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ በዚያን ጊዜ ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ይዘጋሉ። ኅዳር መጥፎ አይደለም፤ አጭሩ ዝናብ ብዙ ጊዜ ዘንቦ ያባራል። የመረጥነው ግን የሰኔን መጀመሪያ ነው። ማሲካ ያበቃል፤ ኩሲ አየሩን ያቀዘቅዛል፤ የአውሮፓ ልጆች ደግሞ ገና ክፍል ውስጥ ናቸው። ዋጋው ከሚያዝያ ቢበልጥም ከነሐሴ በጣም ያነሰ ነው። በዕቁባችንም የሰኔ ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን በፈቃዱ ለወጠኝ።

የቀረው ቀኑን መቁረጥ ነበር፤ ይህን ያደረገችው እናቴ ናት። በምሥራቁ ዳርቻ የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ይሸሻል፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና በምትወለድበት ሰሞን ግን ይበልጥ ርቆ ስለሚሸሽ ውሃው ጋ ለመድረስ ብዙ መሄድ ያሻል። ይህን ለልጆች ታስተምረው ስለነበር የቀን መቁጠሪያውን አውርዳ ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ሳምንት በእስክሪብቶ አከበበች። ቀጥላም ለጎረቤት ልጆች የባሕር ውሃ ጨው መሆኑን የምታቀምስበት አንድ ባዶ ጠርሙስ አጥባ አስቀመጠች። ጠርሙሱ በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ መሄድ እንዳለበት ነግሬያታለሁ።