ጣና ስንት ፊደል ነው?

ለክፍል ጓደኞቼ ሳልናገር የቆየሁት ስሜት ነበረኝ። ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስማር ሰው ቤት የገባሁ ያህል እሳቀቅ ነበር። ትእዛዙ፣ መጽሐፉ፣ ኮምፓይለሩ የሚያወጣው የስሕተት መልእክት፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። የምማረው ደግሞ ባሕር ዳር፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ውስጥ ነው። በጣና ደሴቶች ገዳማት ፊደላችን በብራና ተጽፎ ለዘመናት ኖሯል። ከፊቴ ያለው ማሽን ግን ያንን ፊደል የሚያውቀው አይመስለኝም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች አላስቸገሩኝም። የጻፍኩትን አስቀምጬ ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር እጠራለሁ። እሱ ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጣል፤ እንደ ፕሪንትኤፍ ያሉትን አስቀድመው የተዘጋጁ ሥራዎች ያያይዛል፤ ከዚያ የሚሠራ ፋይል ይሰጠኛል።

ዓይኔን የከፈተው ሌላ ነገር ነው። አጠገቤ የነበረች ተማሪ የአማርኛ ኪቦርዷን ሳታጠፋ መስመሯን በድርብ ሰረዝ ዘጋችው። ሲ የሚያውቀው የላቲኑን ሰሚኮለን ብቻ ነው። ጂሲሲው የቆየ እትም ስለነበር ለአንዲት ምልክት ሦስት ስሕተት ዘረዘረ፤ በስምንት ቤት ቁጥር 341፣ 215፣ 244። እሷ ምልክቱን ቀይራ ሥራዋን ቀጠለች። እኔን ግን ቁጥሮቹ አላስተኛ አሉኝ። ለምን ሦስት?

ማታ ‹ጣና› የሚለውን ቃል የጽሑፍ ርዝመት ለሚለካው የሲ ሥራ፣ ለስትርሌን፣ ሰጠሁት። 6 አለኝ። ሁለት ፊደል ስድስት ሆነ! አንድ በአንድ ሳስወጣቸው ጣ 225፣ 140፣ 163፤ ና ደግሞ 225፣ 138፣ 147 ሆነው ተገኙ። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ሲን ሲሠራ፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃ ነበር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍም እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። ስትርሌን ስለ ፊደል የሚያውቀው ነገር የለም፤ ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ ባይት ይቆጥራል። ስለዚህ 6 ትክክል ነው። ማብቂያው ዜሮ ሲጨመር ‹ጣና› 7 ባይት ቦታ ይፈልጋል፤ ለሁለት ፊደል ብሎ 3 ያዘጋጀ ሰው የሌላውን ማኅደረ ትውስታ ይደፈጥጣል።

መሳቀቄ የለቀቀኝ ያን ማታ ነው። ማሽኑ አማርኛን አልናቀም፣ እንግሊዝኛንም አላከበረም፤ ለእሱ ሁለቱም ቁጥር ናቸው። ቀለል ያሉት ዘመናዊ ቋንቋዎች ይህንን ከዓይን ይሰውሩታል። ሲ አይሰውርም፤ ለጀማሪ ዛሬም ሲ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ የፊደል ገበታው ራሱ ተገለጠልኝ። በዩኒኮድ ሀ 4608 ነው፤ ለ ከስምንት በኋላ 4616 ላይ ይጀምራል፤ ከዚያም በኋላ ያሉት ቤቶች በስምንት በስምንት ይሰደራሉ። ጣ 4899 ነው። 4608 ቀንሼ ለስምንት ሳካፍለው ቀሪው 3 ሆነ። ቀሪ ከዜሮ ስለሚጀምር ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ 3 ራብዕ! ና 4755 ነው፤ የእሱም ቀሪ 3 ነው። በልጅነት በዜማ የተቀበልነው ሀ ሁ ሂ ሃ በአንድ የቀሪ ምልክት ወጣ። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ይህን ስሌት እንዲሠራ የጻፍኩት ፕሮግራም ግን ‹ቋንቋ› ሲሰጡት ራብዕ፣ ሳድስ፣ ራብዕ ይላል። ሏ በለ ቤት ስምንተኛው ቦታ ላይ ሲቀመጥ፣ ቋ ግን ቈ በሚጀምረው የራሱ ረድፍ አራተኛ ነው። ለቈ፣ ለኈ፣ ለኰና ለጐ ረድፎች ለየብቻ መስመር መጨመር ነበረብኝ።