«እሱ ነው የሚያውቀው»

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ሂሳባቸው ላይ የሌለ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ማንቀሳቀሳቸው አይዘነጋም። ብሔራዊ ባንክ በወቅቱ ችግሩን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር አያይዞት ነበር።

ሶፍትዌር በተነካ ቁጥር፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬም መሥራቱን ማረጋገጥ ግድ ነው። ይህን ሁሉ በሰው እጅ እየደጋገሙ መሞከር ስለማይዘለቅ ፍተሻውን ራሱ ኮምፒውተሩ እንዲሠራው ይደረጋል። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ በኖኪያ ተጀምሮ ዛሬ በነፃ የሚገኘው ሮቦት ፍሬምወርክ ነው።

በሮቦት ፍሬምወርክ እያንዳንዱ ፎልደር ራሱን የቻለ የፍተሻ ጥቅል ነው። የበላዩ ሲታዘዝ በሥሩ ያሉት ሁሉ በስማቸው የፊደል ተራ ይሠራሉ። ሪፖርቱም የሚወጣው በዚያው መዋቅር ነው። ስለዚህ የፎልደሩ ስም ትልቅ ጉዳይ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ግን ፎልደሩ በሠራተኛው ስም ይሰየማል፤ ካልሆነም «አዲሱ»፣ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2» ይባላል። በአንድ ሠራተኛ ስም ሥር ቀይ ሲበራ ምን እንደተበላሸ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰውየው ሥራ ከለቀቀ ደግሞ ደፍሮ የሚነካው አይገኝም። ቀዩ ይለመዳል፤ ውሎ አድሮ አንዱ ፍተሻውን ያጠፋዋል። ከዚያ ሪፖርቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጠባቂው ግን የለም።

በአገልግሎቱ ስም ሲደራጅ ነገሩ ይለወጣል፦ መግቢያ፣ ገንዘብ ማስተላለፍ፣ ገንዘብ ማውጣት። «ከቀሪ ሂሳብ በላይ ማውጣት ይከለከላል» የሚለው ፍተሻ መኖር አለመኖሩን ኮድ የማያነብ ኃላፊም ከፍቶ ያያል። ሁሉም ፍተሻዎች የሚጋሯቸው ትዕዛዞች ለብቻቸው በአንድ ፎልደር ከተቀመጡም፣ የመግቢያው ገጽ ሲቀየር የሚታረመው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ፎልደር ማስተካከል ብቻውን ያንን ሌሊት ያስቀረው ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩ የቴክኒክ ሰዎች ብቻ የሚመስለው ካለ፣ መዝገብ ቤት ሄዶ «ፋይሉን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ዛሬ አልገባም» የተባለ ባለጉዳይን ይጠይቅ። ያው ልማድ ከመደርደሪያ ወደ ኮምፒውተር ተሸጋግሯል። ልዩነቱ፣ ያኔ የሚጉላላው አንድ ባለጉዳይ ነበር፤ አሁን ግን የሚሊዮኖች ሂሳብ ነው።

የተቋም ኃላፊዎች «ፍተሻ ሠርታችኋል?» ብለው ብቻ አይለፉ። «የሠራው ሰው ነገ ባይመጣ፣ ሌላው አግኝቶ ያስኬደዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።